ኢዳ፣ አይዳ፣ ዕዳ

ዓባይነህ የልጅ ልጁን ስም ከሰው አፍ አልሰማም፤ ከሚስቱ ስልክ ላይ ነው ያነበበው። ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል፦ አይ፣ ዲ፣ ኤ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና እንደገና አየው። ያው ነው።

«ምንድን ነው የሚለው ይሄ?» አላት ሚስቱን።

«አይዳ ነዋ!» አለች ፀሐይወርቅ። ከሆስፒታል መመለሷ ነበር፤ ከደስታዋ ብዛት ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። «ነርሶቹ አይዳ እያሉ ሲጠሯት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ አንዱን አፍ የሚያጣምም የፈረንጅ ስም ታመጣብኛለች ብዬ ስፈራ፣ እኛ አገር የምናውቀውን ስም አወጣችላት። ጌታ ይመስገን!»

«አይዳማ በኤ ነው የሚጀምረው። ይሄ በአይ ነው። ኢ... ዳ።» አፉ ውስጥ አገላበጠው። ሲያገላብጠው ጊዜ ቃሉ ሌላ ሆኖ ወጣ። «ዕዳ!» አለ።

«ምን?»

«ልጅቷን ዕዳ ብላታለች።»

ፀሐይወርቅ ሳቋ አመለጣት። «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ! ማን ሰው ነው ልጁን ዕዳ የሚል?»

ማን እንደሚልማ ዓባይነህ አሳምሮ ያውቃል። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ልጃቸው ማራናታ፣ ነርሲንግ ልትጨርስ ትንሽ ሲቀራት፣ አንድ እሁድ ከቸርች መልስ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮለምበስ አጠገብ ሬይኖልድስበርግ ወዳለው ቤታቸው መጣችና ኪችን ውስጥ ቆማ፣ «ሜጀር ቼንጅ አደረግኩ፤ ታሪክ ነው የምማረው» አለች። የምን ታሪክ? የመካከለኛው ዘመን። የእነማን? የጀርመን ሴቶች። እንግዲህ ፍረዱት። ሰውዬው ስንት ዓመት ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጦ ወገቡ የተቆረጠው፣ ድሮ ለሞቱ የጀርመን ሴቶች ነው? ደሙ ፈላ። ብዙም አልተናገረ፤ የተናገረው አንድ ነገር ነው። «እኔ ልጅ ያሳደግኩ መስሎኝ! ለካ ዕዳ ነው ያሳደግኩት!» አላት። ማራናታ ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ቦርሳዋን አነሳችና ወጣች።

በቃ፣ በዚያው ቀረች። እናቷን የምታየው እሱ ሥራ ሲሄድ ነው። ስታገባም ሰርጓ ላይ እንደ ሩቅ እንግዳ ተቀምጦ፣ ኬኩን በልቶ ተመለሰ። ፀሐይወርቅ «ኧረ ደውልላት» ስትለው፣ «አባት እኔ ነኝ፤ እሷ ትደውል» ይላል። አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ልቡ ሌላ ነው። ልጁን ከቤቱ ያስወጣት ያ ቃል እንደሆነ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም። ባስታወሰው ቁጥር ምላሱን ቆርጦ መጣል ያምረዋል። አሁን ደግሞ ያው ቃል ዳይፐር ታጥቆ መጣለት።

ሕፃኗን ከስልክ ሌላ አላያትም። ፀሐይወርቅ ዋይንላንድ ፓርክ የሚባለው ሰፈር ልጇ ቤት እየሄደች ፎቶ ታመጣለታለች፤ እሱ ፊት ለፊቷ «እህ» ብሎ ይመልስና፣ እሷ ሻወር ስትገባ ስልኳን ከፍቶ አንድ በአንድ ያያል። አፍንጫዋ የእናቱ አፍንጫ ነው። ግንባሯ የራሱ ነው። ስሟ ግን ምን እንደሆነ እርግጠኛ አልሆነም። ቸርች ውስጥ የሚያገኘው ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ፤ አይዳ ደህና ናት?» ይለዋል፤ እሱም «ደህና ናት» ይላል። የማንን ደህንነት እንደሚናገር ግን ለራሱም አልገባውም።

ሦስተኛ ወሯ ላይ ፀሐይወርቅ እራት እያቀረበች፣ ቀስ ብላ፣ «የፊታችን እሁድ ሕፃኗን ለጌታ ሊያቀርቧት ነው፤ እኛ ቸርች» አለችው። «ማራናታ ደግሞ ምን አለች መሰለህ? አቅፎ መድረክ ላይ የሚወጣው ዳዲ ነው፤ ስሟንም ትርጉሙንም የሚናገረው እሱ ነው አለች።»

የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰው።

እነሱ ቸርች ልማዱ እንዲህ ነው። ሕፃን ሲቀርብ ፓስተሩ ማይኩን ለወላጅ ወይም ለአያት ይሰጣሉ። ስሙ ይነገራል፤ ወዲያው ትርጉሙ ይከተላል። «ኤልናታን ነው ስሙ፤ እግዚአብሔር ሰጠ ማለት ነው።» አሜን! እልል! ትርጉም የሌለው ስም እዚያ ቤት መድረክ አይወጣም። እንግዲህ ዓባይነህ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሞ ምን ሊል ነው? ዕዳ? እዚያ ቤት ደግሞ ዕዳ የሚለው ቃል የማይሰማበት እሁድ የለም። ፓስተር ወርቁ ላብ በላብ ሆነው «ዕዳችን ተከፍሏል!» ሲሉ ሕዝቡ ከወንበሩ ተነስቶ ያጨበጭባል። ታዲያ «ዕዳ ተወለደች» ሲባል ምን ሊያደርግ ነው፣ ሊያጨበጭብ?

«ይሄ ወጥመድ ነው» አለ።

«እርቅ ነው እንጂ አንተ! ልጅህ ልጇን ልታስታቅፍህ ነው።»

«በገዛ አፌ ያልኳትን ቃል በገዛ አፌ ልታስደግመኝ ነው። በማይክ!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰውዬው ሰው አልሆነም። ሥራ ቦታ እያለ ይዞርበታል። እርቅ ነው ሲል ደስ ይለዋል፤ ወዲያው ደግሞ ወጥመድ ነው ይልና ፊቱ ይጠቁራል። አጅሬ ፎርክሊፍቱን ወደፊት ሊነዳ ወደኋላ ነዳው። ሱፐርቫይዘሩ «አር ዩ ኦኬ?» ቢለው «አይ ዶንት ኖው» አለ፤ እውነቱን ነው።

ሐሙስ ዕለት የአብሥራ ደወለች። የአብሥራ የቸርቹን ስክሪንና ድምፅ የምትመራ፣ በእንግሊዝኛም የምታስተረጉም የሁለት ልጆች እናት ናት። «ጋሼ ዓባይነህ፣ ጌታ ይባርክዎት። ለእሁዱ ስላይድ የሕፃኗን ስም በአማርኛ እንዴት አድርጌ ልጻፈው? ማራናታ የላከችልኝ በእንግሊዝኛ ነው። እትዬ ፀሐይወርቅን ብጠይቃቸው አይዳ ነው አሉኝ። ባሏ ኖህ ደግሞ ኢዳ ነው አለኝ። ግራ ገባኝ።»

«አንቺንም?» አለ ዓባይነህ፣ ትንሽ ቅልል ብሎት።

«እና ምን ልጻፍ?»

«ቆይ፣ እኔ ልደውልልሽ።»

ፀሐይወርቅ ሁሉንም በአንድ ጆሮዋ ስትሰማ ነበር። «ሂድና ራሷን ጠይቃት» አለች። «እኔ መሃል ገብቼ መላላክ ሰልችቶኛል። ልጅህ ናት፣ አትበላህም።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄደ። ሃይ ስትሪት ላይ ፓርኪንግ አጥቶ ብዙ ከዞረ በኋላ፣ ከቤታቸው ራቅ አድርጎ አቆመና በእግሩ ተመለሰ። በሩን የከፈተው የልጁ ባል ኖህ ነው። ኖህ እዚሁ ኮለምበስ ተወልዶ ያደገ ደግ ልጅ ነው፤ አማርኛው ግን ያው እንደምታውቁት ነው። «ጋሼ! ደህና ነህ? ግባ ግባ!» አለው፣ አማቱን እንደ እኩያው። ዓባይነህ ሌላ ጊዜ ቢሆን ይከፋው ነበር። ዛሬ ግን እሱን የሚያስብበት ቦታ አልነበረውም።

ማራናታ ከሶፋው ተነሳች። ሁለቱም ለመተቃቀፍ እጃቸውን ዘርግተው መሃል ላይ ተዉት፤ ትከሻ ለትከሻ ተነካኩና ተቀመጡ። ከስታለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ሕፃኗ ውስጥ ተኝታለች አሉት።

«ስሟን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለ ዓባይነህ፣ ሌላ ነገር ከማለቱ በፊት።

የማራናታ ፊት በራ። እንዲህ ሲበራ ካየው ስንት ጊዜው! «ሪሊ? ልታውቅ ትፈልጋለህ?» ብላ ብድግ አለችና ክንዶቿ ላይ መጻሕፍት ከምራ ተመለሰች። ትናገር ጀመር፤ አማርኛው ሲያልቅባት በእንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛው ሲፈጥንበት በአማርኛ።

«አይዳ የሚሉት አሜሪካኖቹ ናቸው። ጀርመኖቹ ኢዳ ነው የሚሉት። በጣም የድሮ ስም ነው ዳዲ። ኢድ ከሚል ቃል ነው የመጣው፤ ሥራ፣ ልፋት ማለት ነው። አይደለም፣ ሴት ማለት ነው የሚሉም አሉ፤ ምሁራኖቹ አልተስማሙም።»

ልፋት! ዓባይነህ ጠጠር ብሎ ተቀመጠ። ልፋትህ ሜዳ ላይ ቀረ ማለቷ ይሆን?

«አንዷ ኢዳ ሴይንት ናት፣ ቅድስት። ባሏ ሲሞት ለራሷ የድንጋይ ሬሳ ሣጥን አሠራች። ሞትን እንዳትረሳ ነው። ግን ባዶውን አላስቀመጠችውም፤ በየቀኑ ምግብ እየሞላች ለድሆች ታድል ነበር ይባላል።»

«በሬሳ ሣጥን?»

«በሬሳ ሣጥን።»

ይሄስ ምን ማለት ነው? ሣጥንህ ተዘጋጅቷል ነው? ወይስ የድሃ ምግብ ነው ያበላኸኝ ነው? ከየትኛው ወገን እንደተመታ ጠፋው። ቀና ብሎ ፊቷን ቢያየው ምንም ክፋት የለበትም። ይሄ ደግሞ ይብስ ግራ አጋባው።

«ሌላዋ ደግሞ የሁለት ገዢዎች እናት ናት። ልጆቿ ተራ በተራ ኢየሩሳሌምን ገዝተዋል።»

«ኢየሩሳሌም? የኛይቱን ኢየሩሳሌም?»

«የኛይቱን! በመስቀል ጦርነት ጊዜ።»

እዚህ ላይ ልቡ ትንሽ ሞቅ አለ። የነገሥታት እናት ማለት መልካም ነው፤ ይሄስ ስድብ ሊሆን አይችልም። «ታዲያ እሷን ብለሽ ነዋ ያወጣሽላት!» ሊል ሲል ማራናታ ገጽ ገለጠች።

«እኔ ግን ይበልጥ የምወዳት ይቺን ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወላጆቿ ሞተው ዘመዶቿ ሊድሯት ሲሉ፣ መዝሙረ ዳዊቷን ብቻ ይዛ በመስኮት ዘላ አመለጠች። አንዷ ደግሞ አለች፣ ትልቅ ሴትዮ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ስትጓዝ ጦርነት መሃል ጠፍታ ቀረች። ሞታለች የሚል አለ፣ ተማርካለች የሚል አለ። ማንም አያውቅም።»

«ሊፈልጋት የሄደ ዘመድ የለም?» አለ ዓባይነህ።

«አልተጻፈም ዳዲ።»

በቃው። በመስኮት ያመለጠች፣ ወጥታ የቀረች፣ ፈላጊ ያጣች፤ ይሄ ሁሉ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ለሕፃንም ይገባል። «ማራናታ» አለ፣ መጽሐፉን እየዘጋባት፣ «ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂብኝ። ምን ማለትሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ጀርመኑን ተይውና ፊት ለፊት ንገሪኝ። ዕዳ! ዕዳ ነው ያልሻት!»

ማራናታ በሁለት እጇ አጨበጨበች።

«ያ! እንደሱ ነው! ኖህ ና፣ ስማ! ዳዲ፣ ፕሊስ እንደገና በለው። እኔ እንኳ ጥሩ አድርጌ አልለውም፤ ኖህማ ሦስት ወሩን ሙሉ ኢዳ ኢዳ እያለ ነው።»

ኖህ ከኪችን ብቅ አለና በትጋት፣ «ኢይዳ» አለ።

ዓባይነህ ከአንዱ ወደ ሌላው አየ።

«አታስታውስም?» አለች ማራናታ፣ ወደ እሱ ጠጋ ብላ። «ልጅ ሆኜ ሁሌ እንደዚህ ነበር እኮ የምትጠራኝ። ማሚ ማሬ ትለኛለች፤ አንተ ደግሞ የኔ ዕዳ። ተነሺ አንቺ ዕዳ፣ ስኩል ባሱ ጥሎሽ ሊሄድ ነው። ሚድል ስኩል ሳለሁ ላይብረሪ ውስጥ የስም መጽሐፍ አየሁ። አይ፣ ዲ፣ ኤ፤ የጥንት ጀርመኖች ስም ይላል። ኦ፣ ይሄ የኔ ነው አልኩ! አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጀርመኖች ነበሩ ያስተማሩኝ ትል አልነበር? ከእነሱ ሰምተህ ያወጣህልኝ መሰለኝ። ከዚያ ጀምሮ የተገኘችውን ኢዳ ሁሉ ማንበብ ነው። ታሪክ የገባሁትም እኮ በዚያ ነው።»

እውነቷን ነው። ዓባይነህ ዕዳ የማይለው ነገር አልነበረም። ያቺ አልነሳም የምትለው አሮጌ ቶዮታው ዕዳ ነበረች፣ የሚጠረገው በረዶ ዕዳ ነበር፣ ሳር ማጨጃው ዕዳ ነበር፣ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ አልወርድ የምትለዋም ልጅ ዕዳ ነበረች። አንዳንዴ ተመርሮ፣ አንዳንዴ ለአመሉ ያህል። ትርጉሙ እንዴት አልገባትም እንዳትሉ። ቸርች ውስጥ ልጆቹ ስብከት ሲጀመር ወደ ታች፣ ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ነው የሚወርዱት፤ የተከፈለው ዕዳ እሷ ጆሮ ደርሶ አያውቅም።

«ያን ቀንስ?» አለ፣ ፈራ ተባ እያለ። «ኪችን ውስጥ ያልኩሽ?»

ማራናታ አንገቷን ደፋች። «ዕዳ ነው ያሳደግኩት አልከኝ። ያን ያህል ተናድደህ እንኳ በራሴ ስም ጠራኸኝ። እኔ ያሳደግኩት ዕዳን ነበር፣ አንቺ ማን ነሽ ያልከኝ መሰለኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ሴት ከወለድኩ ስሟ ይሄ ነው አልኩ፤ እዚያው፣ መኪናው ውስጥ።» መጻሕፍቱን ወደ ጎን አደረገች። «ከዚያ ግን አልደወልክም። አንድ ቀን ይደውላል ብዬ ጠበቅኩ፤ ዝም አልክ። አፍሮብኛል ብዬ ቀረሁ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ቃሉን ሲረግም ለኖረው ሰውዬ፣ ቃሉ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ጥፋተኛው ያልተደወለው ስልክ ነበር። ምን ይበል? የሚስቅበትም የሚያለቅስበትም ጠፋው።

«የጀርመኑን ትርጉም እኔም መናገር እችላለሁ» አለች። «ያንተን ግን አላውቀውም። ለእኔ ስታወጣልኝ ምን ማለትህ ነበር? ነገ ለሁሉም ሰው ንገራቸው። እኔም ያኔ ልስማው።»

«ነገ» አለ ዓባይነህ። ብድግ ብሎ ወደ በሩ አመራ።

ቤት ገብቶ ለፀሐይወርቅ ሲነግራት መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ተነሳችበት። «አንተና አፍህ! እኔ ይሄን አመልህን ተው ስልህ አልነበር?»

«የጀርመኑን ብናገርስ? ሥራ ማለት ነው ብዬ ብወርድስ? ኢየሩሳሌም የገዙትንም ልጆች ጨምሬ፣ አሳምሬ...»

«ከዚያ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሻይ ላይ አንዷ ጠጋ ትልና፣ ማሬዬ፣ ዕዳ ማለት እኮ እንዲህ ማለት ነው ትላታለች። ከማን አፍ ብትሰማው ይሻላታል?»

«ብነግራት ደግሞ ልጇን ይዛ ብትሄድብኝስ? አሁን እንኳ ገና መቀመጫ ብትሰጠኝ ነው።»

ፀሐይወርቅ ራሷን እየነቀነቀች ወደ ኪችን ገባች። እሱም ለየአብሥራ ደውሎ፣ ከሁሉም የማያጣላውን መርጦ፣ «ኢዳ ብለሽ ጻፊው» አላት።

እሁድ ጠዋት ቸርቹ ፓርኪንግ ላይ ጠበቃት። ሰው ሳይሰማ፣ መኪና ለመኪና መሃል ሊነግራት ቆርጧል። ማራናታ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ወረደች፤ እሱ «ልጄ፣ አንድ ነገር...» ከማለቱ ሕፃኗን ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት። ሞቃት ናት። ከባድ አይደለችም። በአንድ ዓይኗ አየችውና አዛጋች። እንዲህ ታቅፌያት እያለሁ እንዴት ብዬ እነግራታለሁ አለና ፈሪው ዓባይነህ ወደ ውስጥ ገባ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ማራናታና ኖህ መድረክ ላይ ከጎኑ ቆሙ፤ ሁለቱም ጆሯቸው ላይ የትርጉም ማዳመጫ ሰክተዋል። አማርኛ የማይዘልቃቸው ልጆች በዚያ ነው የሚሰሙት፤ የአብሥራ ከኋላ፣ መስታወት ቤቷ ውስጥ ሆና በእንግሊዝኛ ታስተላልፍላቸዋለች። ስክሪኑ ላይ በትልቁ ኢዳ ተብሎ ተጽፏል።

«የሕፃኗን ስምና ትርጉሙን አያቷ ይነግሩናል» አሉ ፓስተር ወርቁ፣ ማይኩን እየሰጡት።

ዓባይነህ ሕዝቡን አየ። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች እልል ለማለት ከንፈራቸውን አዘጋጅተዋል። ልጁን አየ። ማዳመጫዋን በጣቷ ጫን አድርጋ፣ እንደ ተማሪ፣ ትጠብቃለች። ሥራ ማለት ነው ብሎ ለመውረድ አንድ ቃል ነው የቀረው። አፉን ከፈተ።

«ስክሪኑ ላይ ያለው ትክክል አይደለም» አለ። «የአብሥራን ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። ስሟ ዕዳ ነው።»

አንድ ሰው «አሜ...» ብሎ ጀመረና መሃል ላይ ተወው።

ፓስተር ወርቁ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጋሼ ዓባይነህ፣ የቱ ዕዳ?» አሉት።

«እኛ የምናውቀው ዕዳ ነው ፓስተር።» ወደ ልጁ ዞረ። «ጀርመን አገር ብዙ ትላልቅ ሴቶች ተጠርተውበታል። ልጄ አንብባ ነግራኛለች፤ እውነቷን ነው። እኔ ግን ከጀርመን አላመጣሁትም። ይቺ ልጄ ትንሽ ሆና ዕዳ እላት ነበር፤ ሥራ ሲያደክመኝ፣ ኑሮው ሲመረኝ። እሷ ስም የሰጠኋት መስሏት በፍቅር ይዛው ኖረች። ማሬ፣ ስም አልነበረም። ዕዳ ማለት ሸክም ማለት ነው። ሰው ላይ ተጭኖ አልወርድ የሚል ሸክም። ያን ቀን ኪችን ውስጥ ያልኩሽም ይህንኑ ነው። ክፉ ነገር ነው የተናገርኩሽ። ይቅር በይኝ።»

ትርጉሙ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው የሚደርሰው፤ መስታወቱ ውስጥ የአብሥራ አንዴ ቆም አለች፣ ከዚያ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ዓባይነህ የልጁን ፊት እያየ ቃሉ እስኪደርስላት ጠበቀ። መድረሱን አወቀው፤ ቅንድቧ ተሰበሰበ። አለቀልኝ አለ በሆዱ። አሁን ልጇን ከእጄ ትቀማኝና ትሄዳለች። ሕፃኗን ለመስጠት እጁን ማላላት ጀመረ።

ማራናታ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቀለችው። ወደ እሱ ቀረበች፤ ሕፃኗን ግን አልወሰደችም። የላላውን ክንዱን ከሥር ደግፋ ወደ ደረቱ መለሰችለት። ማይኩ አፉ ላይ ስለነበር በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ ያለችውን ሕዝቡ ሁሉ ሰማ።

«ታዲያ ዳዲ» አለች፣ «ተሸክመኸኝ የለም እንዴ?»